ቀይና ጥቁር ሽቦ

ገላን ዳር፣ ከኮንቴይነሩ ግቢ አጥር ተጠግታ፣
ቆማለች ቤታችን በስድስት ጎማዋ ተመክታ።
ድሮ ደሴ ያመላለሰች፣ ጥርሷ የረገፈ ፊያት፣
ወንበሯን ነቃቅለን አልጋ የዘረጋንባት።
አከራይ የለንም፤ ውልም ቀብድም የለም፣
ቀያሽ በመጣ ቁጥር ሞተር እናስነሳለን እንጂ
አንጣላም ከማንም።

ችግሯ አናቷ ላይ ነው። አንዲት የአየር መስኮት፣
በእጅ ካልጠመዘዟት አልከፈትም የምትል ግትር ፍጥረት።
እጀታዋ ከተሰበረ ሦስተኛ ክረምቱ፣
ፒንሳ ነው ቁልፏ፣ በሲባጎ የተንጠለጠለ ከብረቱ።
ዘነበች ሽንኩርት ስታቁላላ፣ «ውጣ፣ ክፈታት!»
ሰማይ ሲያጉረመርም፣ «ውጣ፣ ዝጋት!»
ወንበር ላይ ቆሜ፣ አንገቴን ቀልብሼ፣
ስንት ሌሊት ጠመዘዝኩ
የመጀመሪያውን ጠብታ በአፌ ጎርሼ።
እሷ ከታች ባትሪ ይዛ «ደረሰ? ደረሰ?» ትላለች፤
እኔ ከላይ፣ «ዘነበ እኮ!»
ዘነበችም ትስቃለች።

ዘንድሮ ግን ደረቷ ጠበበ። የምድጃው ጭስ
ሌሊቱን ያስላት ጀመር፣ እስኪነጋ ድረስ።
ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ ከአንድ ኮሮላ ሬሳ
የራዲያተር ፋን አገኘሁ፣ አንድ ክንፉ የሳሳ።
ሦስት ሺህ አለ፣ በሁለት ተለያየን፤
ይሠራ እንደሁ እዚያው በባትሪ አየን።

ቶሌራ መጣ፣ ቴስተሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ በመሰላል ወጥቶ።
«ሃያ አራት ቮልት ነው የፊያቷ ጉልበት፣
ይሄ የሚጠጣው አሥራ ሁለት፤ ይሰጥማል በሙላት።
ከሶላሩ ባትሪ እንቅዳለት፣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው።»
ዝም ብዬ መሰላሉን ያዝኩ፤
ሥራ ለሚያውቅ ምን ይለዋል ሰው?

ዝገት የበላው ብሎን እየጮኸ ወጣ።
ከድሮው ማስቲሽ ሥር፣ ቢላዋው ሲፍቀው፣ ምን መጣ?
ሞታ የደረቀች ተርብ፣ የድንቢጥ ጭራሮ፣
ግማሽ የደሴ ትኬት፣
ክዳኗ እንዳትንኳኳ ማን ሸጉጦት ይሆን ድሮ?
ዘነበች አቧራውን እፍ ብላ አነበበችው፤
ወንበር ቁጥር አሥራ አራት፣
አልጋችን ያለበት ቦታ ነው።

ሲሊኮኑ ተቀባ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ታሠረ፤
ማብሪያው በአልጋው ራስጌ ተቀበረ።
«ይብራ!» አለ ቶሌራ።
አበራሁት።

የገላን አቧራ፣ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ፣
የጅቡቲ ተሳቢዎች ጭስ፣ ሁሉም ያለ ሰላምታ
በአናታችን ገባ!
ዘነበች የነፋችው ሽሮ ከወንፊቱ ተነሳ፣
መጋረጃውን አልብሶ፣ ጢሜን አደረገው የአንበሳ።
ቶሌራ በቀዳዳው ቁልቁል አይቶን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
«ወደ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው።
ክፋት የለበትም፣ አቅጣጫውን ስላላወቀ።»

ፈታው። ቀዩን ከጥቁር፣ ጥቁሩን ከቀይ አጋጠመ፤
ያስገባ የነበረው ክንፍ ማስወጣት ተለማመደ፣
ጉልበቱ ግን ያው የቀድሞው፣ እዚያው ከርሞ የከረመ።
ያችን ግማሽ ትኬት ወደ ላይ ብናስጠጋት፣
ልጥፍ አለች ከመረቡ። እዚያው ተውናት።

ያን ሌሊት ዘነበ።
ማንም አልጮኸ፣ ማንም ወንበር አልሳበ።
ነቃሁ ግን። እጄ በጨለማ ወደ ላይ ተዘርግቶ
ፒንሳውን ይዳብሳል፣ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ።
«ደረሰ?» አለችኝ ዘነበች፣ ከጎኔ፣ በሹክሹክታ፤
ለካ እሷም ነቅታለች፣ በእጇ ባትሪዋን አጥታ።

ዝም አልን። ፋኑ ብቻ ያወራል፤
እሱ እያወራ ዝናቡን ማን ይሰማል?
«እስቲ አጥፋው» አለች።
አጠፋሁት።
ክንፉ ዘገየ፣
ዘገየ፣
ቆመ።
ትኬቷ ከመረቡ ተላቃ፣ አየሩን እየቀዘፈች፣
አልጋችን ላይ፣ በመካከላችን፣
ቦታዋ ላይ ወደቀች።

ቆርቆሮውን ሲመታው ሰማነው፣ ረጅም ሰዓት፣
እንደ ሁለት መንገደኛ፣ መንቀሳቀሻቸውን እንደሚጠብቁት።

ጎህ ሊቀድ ሲል ሳለች።
አበራሁት።